ግማሽ በር፦ ክፍት መኪና፣ የእንጦጦ ነፋስና የባለ እጁ ውለታ

አዲስ አበባን የቆረቆራት ፍልውኃ ነው ይባላል። እውነት ነው። ፍልውኃው ባይኖር ኖሮ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ጋራ ወርደው ቤት ባላሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. «አዲስ አበባ» የሚለውን ስም ባላወጡ ነበር። ይሁንና የፍልውኃውን ሙቀት ያስናፈቀው የጋራው ብርድ መሆኑ አይዘነጋ። እንጦጦ ማርያም ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማው ግን ከዚያ በፊት ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። ማገዶው እየራቀ ሄደ፤ ብርዱ ጠና፤ ነፋሱም ድንኳንን አላስቆም አለ። እንግዲህ ዋና ከተማችን በከፊል ከነፋስ የሸሸች ከተማ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከተማ አይደለም፤ በር ነው። ያውም ግማሽ በር! ከክፍት መኪና ጎን ላይ የምትገጠም፣ ከእግር ሥር ተነሥታ ክንድ ላይ የምትቆም፣ ነፋሱን የምትገታ፣ ጩኸቱን የምትቀንስ ትንሽ በር። ለመሆኑ ለአንዲት ግማሽ በር ታሪክ መጻፍ ምን ያስፈልጋል? የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው። የመኪናን ታሪክ በአገራችን ስንተርክ የኖርነው በተሳፋሪው በኩል ነው። ማን አስመጣት፣ ማን ተሳፈረባት፣ ማን ነዳት እንላለን። የጎደላትን ነገር ማን ሠራላት? ብለን ግን አንጠይቅም። ግማሽ በር ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ታስገድደናለች። ምክንያቱም ከፋብሪካ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከሰፈር ላሜራ ቤት የምትወጣ ናትና።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ነገር

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተገናኙ።

የመጀመሪያው የመኪና መምጣት ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ አስገባ። የምድር ባቡሩ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የቆመ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ መኪናይቱ የመጣችው ለመኪና ባልተሠራ የሲራራ መንገድ፣ አንዳንዴ በራሷ ሞተር፣ አንዳንዴም በሰውና በከብት ጉልበት እየተገፋችና እየተጎተተች ነበር። ጉዞው በኋላ በክሊፎርድ ሃሌ ተጽፎ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ዘመን ናከ የምትባል የአገሩን ሥሪት ይዞ መጣ። አፄ ምኒልክ አዲስ ነገር የማይሸሹ ንጉሥ ስለነበሩ በመኪና ተሳፈሩ፤ መኳንንቱም ተገረሙ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ነገር ግን ብዙ አይወሳም። በዚያው በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ቢቀጠቅጥ፣ ሸማ ቢሠራ፣ ቆዳ ቢያለፋ፣ መሬት ቢያርስ፣ ሠሪው እንዳይዋረድ አዘዙ። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ብረት የሚያቀልጠው ሰው ማረሻችንንም ጦራችንንም እየሠራ «ጠይብ» እየተባለ ይሸሽ፣ በዓይኑ ይበላል እየተባለ ይፈራ ነበር። እንግዲህ ብረት ለበስዋ ሠረገላ አዲስ አበባ የገባችው ንጉሡ «ብረት ሠሪውን አትስደቡ» ባሉበት ዓመት ነው። ሁለቱን ነገሮች አስተባብሮ ያቀደ ሰው የለም። ለዚህ ጽሑፍ ግን የተመቹ መንታዎች ናቸው።

ከመኪናዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ብረትም ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ዛሬ «ዳምጠው» የምንለው ዓይነት፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ከፒያሳ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ተሰብሮ ከቀረው ከዚሁ ባቡር ነው ይባላል። ስሙን ልብ እንበል፤ «ሰርኪስ ሰፈር» ወይም «ባቡር ሰፈር» አልተባለም። ሰባራ ተባለ። ማሽን ካመጣው ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሚጠግነው ሰው መሆኑን ከተማችን ገና በማለዳው በሰፈር ስም መዝግባዋለች።

በር የሌላት ሠረገላ

ያች የ1900 ዓ.ም. መኪና ምን ትመስል ነበር? ዛሬ መኪና ስንል በአእምሯችን የሚመጣው በብረትና በመስታወት የተዘጋ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ግን አውቶሞቢል ማለት ፈረሱ ተፈትቶ ሞተር የተጠመደበት ሠረገላ ማለት ነበር። በአውሮፓም ቢሆን የብዙዎቹ የፊት ወንበር በር አልነበረውም። የፊት መስታወት እንኳ እንደ ትርፍ ዕቃ ተቆጥሮ ለብቻው ይሸጥ ነበር። የፊት በር የተለመደ ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1910 ወዲህ፣ ቶርፔዶ የተባለው የአካል ቅርጽ ሲስፋፋ ነው። ያኔም ቢሆን በሩ ግማሽ በር ነበር፤ ከክንድ በላይ ያለው ሁሉ ለነፋስ የተተወ ነው። እንግዲህ የመኪና በር ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከግማሽ በር ነው ማለት ይቻላል።

ነጂዎቹ ከነፋስ የሚከለሉት በልብስ ነበር። አውሮፓውያን ወፍራም ካፖርት፣ የቆዳ ቆብና ጥብቅ መነጽር ያደርጉ ነበር። የኛ ሰው ደግሞ ድሮውንም በበቅሎ ጋራ ሲሻገር የሚለብሰው በርኖስ ነበረው። በር ባይኖርም በርኖስ ነበር ማለት ነው! በበቅሎ እርምጃ ለሚሄድ ሰው በርኖስ በቂ ነው። በቅሎዋ ግን በሰዓት 40 እና 60 ኪሎ ሜትር አትሮጥም።

ነፋስ ለምን ይጮኻል?

ከዚህ በፊት ወደ ሌላ ዘመን ከማለፋችን የነገሩን ሥር እንመልከት። ነፋስ በራሱ ድምፅ የለውም። የሚጮኸው እንቅፋት ሲያገኝ ነው። በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሜዳውን ዝም ብሎ የሚያቋርጠው ነፋስ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዘንድ ሲደርስ ያፏጫል፣ ያጉረመርማል።

በክፍት መኪና ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ከፊት የሚመጣው አየር የፊት መስታወቱን ይመታና ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል። የመስታወቱን ጠርዝ ሲያልፍ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ ይገነጠላል፣ ይጠመዘዛል፣ እንደ ወንዝ አዙሪት እየተሽከረከረ በጎን በኩል ይገባል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቦታም የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከኋላ ያለውን አየር ወደ ፊት ይስባል። በክፍት መኪና የሚሄድ ሰው ፊቱ ሳይሆን ማጅራቱ የሚበርደው ለዚህ ነው። ጆሮው አጠገብ ያለው ጉርምርምታም የሚመጣው ከዚሁ አዙሪት ነው።

ክፋቱ ደግሞ ጩኸቱ ከፍጥነት ጋር እኩል አለማደጉ ነው። ጠርዝ ላይ ከሚገነጠል አየር የሚወጣው የድምፅ ኃይል ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ በግምት 60 እጥፍ ይሆናል። ጆሯችን ይህን እንደ 60 እጥፍ አይሰማውም፤ ሆኖም ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይሰማዋል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ስትጫወት ትቆይና በ80 ኪሎ ሜትር ግን መጮኽ ግድ የሚልህ በዚህ ምክንያት ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ጆሮ ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ይናገራሉ። እንግዲህ ለአንድ ቀን ሽርሽር የወጣ ሰው ነፋሱን ጨዋታ ሊለው ይችላል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ላይ ለሚውል ሾፌር ግን የጤና ጉዳይ ነው።

የእንጦጦ መንገድ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ነውና አየር ጨማቂ ያልተገጠመለት ሞተር ኃይሉን በዚያው መጠን ያጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ አሮጌ መኪና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የሚጮኸው ሞተሩ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ዝም ይላል፤ የነፋሱ ተራ ይሆናል። የሳሳ አየር ግፊቱ ቀለል ያለ ቢሆንም ብርዱ ግን ይካካሳል። ከመሐል ከተማው እስከ ጋራው አናት በ4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በማለዳ ለጠበል ወጥቶ ገላው ሳይደርቅ በክፍት መኪና ለሚመለስ ሕመምተኛ ግማሽ በር የቅንጦት ዕቃ አትሆንም።

ጂፕ፣ ላንድሮቨር፣ ዋዝ

ነገሥታቱና መኳንንቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዝግ መኪና ተዛወሩ። ክፍት መኪና ግን አልጠፋም፤ ወደ ወታደሩ፣ ወደ መሐንዲሱ፣ ወደ ጤና ሠራተኛውና ወደ ገጠሩ አስተዳዳሪ ተላለፈ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተወለደው ጂፕ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሠራ በር አልነበረውም። ወታደሩ ቶሎ ዘሎ እንዲወርድ ታስቦ በበሩ ፈንታ ጎኑ ላይ የተወጠረ ጠፍር ብቻ ነበረው። የፊት መስታወቱም ወደ ኮፈኑ ይታጠፋል። ብዙዎቹ በሣጥን ውስጥ ተበታትነው በመርከብ ከተላኩ በኋላ በደረሱበት አገር ተገጣጥመዋል። እኛ ዘንድ ጂፕ በብዛት የታወቀው ከነፃነት በኋላ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የአሜሪካ ወታደራዊ ርዳታ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ነው። ለፓስፊክ ደሴቶች ሙቀት የሚስማማ የበር እጦት ለጣርማ በር ጭጋግና ለደብረ ብርሃን ውርጭ ግን አይስማማም። ጦርነት አልፎ ጂፑ የዘወትር ማጓጓዣ ሲሆን ጎኑን በሸራ መጋረድ፣ ከዚያም በላሜራ መድፈን የግድ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የእንግሊዙ ላንድሮቨር ከዚህ ትምህርት ወስዷል። በሩ ሁለት ክፍል ነው። የታችኛው ግማሽ የብረትና የአሉሚኒየም በር፣ የላይኛው ደግሞ በብሎን የሚታሰር መስኮት ነው። ባለቤቱ ሲፈልግ የላዩን ፈትቶ በግማሽ በር ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ያስረዋል። የላንድሮቨር ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ «ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ?» የሚለውን ጥያቄ ፋብሪካው አልወሰነም፤ ለመንገዱና ለወቅቱ ተወው። ከ1969 ዓ.ም. አብዮታዊ ግርግር በኋላ ከሶቭየት ኅብረት በብዛት የመጣው ዋዝም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ባለ ሸራ ጣሪያው ዋዝ የበሩ የላይኛው ፍሬም ተነቅሎ ይወጣል፤ የታችኛው ብረት ይቀራል።

ሦስቱን በተርታ ብናስቀምጣቸው አንድ ትምህርት እናገኛለን። የአንድ ዕቃ ጉድለት መጀመሪያ የሚታየው ለተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው በሸራና በጠፍር ያበጃጀዋል። ፋብሪካው ዘግይቶ ይሰማና ሠርቶ ይልካል። ግማሽ በር በመሐንዲስ ወረቀት ላይ ብቻ የተወለደች አይደለችም፤ ማጅራቱን ብርድ የመታው ሰውም ወልዷታል።

በላሜራ ቤት

አሁን ወደ ሠሪው እንምጣ። የመኪና አካል ሠሪ ሙያ በአገራችን ምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገር ለማወቅ አንድ ጋራዥ በር ላይ ለአምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ላሜራ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ... ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው ከጣሊያን መካኒኮች ጋር መጣ፤ እነሱ ሲሄዱ ግን አልሄደም። እጅ ወረሰው፤ አፍ አማርኛ አደረገው። ጣሊያኖች የፊት መስታወቱን «ፓራብሬዛ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ነፋስ መከላከያ» ማለት ነው። ግማሽ በርም የዚሁ የነፋስ መከላከያ ቀጣይ ክንድ ናት ብንል ያስኬዳል።

ጥሩ ግማሽ በር እንዴት ትሠራለች? ብልህ ሠራተኛ ላሜራ ከመቁረጡ በፊት ካርቶን ይቆርጣል። ካርቶኑን በመኪናው ጎን ላይ አስጠግቶ፣ ሾፌሩን አስቀምጦ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ያስዞረዋል። ክርኑ የሚያርፍበት ቦታ የበሩ ከፍታ ልክ ነው። ከዚያ ቢያንስ ነፋሱ ጭን ላይ ይገባል፤ ቢበዛ ክንድ ይጋጫል፣ መውጣትና መግባትም ያስቸግራል። ቀጥሎ ቀጭን ቱቦ አጥፎ ፍሬሙን ይበይዳል፤ በላዩ ላሜራ ያለብሳል።

እዚህ ላይ ሙያተኛና ጀማሪ ይለያሉ። ጀማሪው ላሜራውን ቆርጦ ስለቱን እንዳለ ይተወዋል። ስለታም ጠርዝ ግን ነፋስ ሲመታው እንደ ዋሽንት ያፏጫል፤ ጩኸት ለመቀነስ የተሠራው በር ራሱ ጯኺ ይሆናል። ሙያተኛው ጠርዙን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ ያለዝበዋል። ማጠፊያውን ከፊት በኩል ያደርገዋል፤ መቆለፊያው ቢከዳ እንኳ ነፋሱ በሩን ይዘጋዋል እንጂ በርግዶ አይከፍተውም። ከታች ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ የዝናብ ውኃ ካልወጣ ላሜራው ከውስጥ በዝገት ይበላልና። ሸራ የሚጨምር ከሆነም ወጥሮ ያስረዋል፤ የላላ ሸራ በነፋስ ሲርገበገብ ከነፋሱ ይብስ ይጮኻል።

ከሁሉም የሚከፋው በመስታወቱ ምሰሶና በበሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ጣት የምታህል ክፍተት የበሩን ጥቅም ግማሽ ትበላለች። መድኃኒቱ ጎማ ነው። እኛ «ካላማዳሪ» የምንለው፣ የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተቆርጦ ጠርዙ ላይ ይለበጣል። ቃሉ በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። አየርን አፍኖ ይዞ ሲሮጥ የኖረ ላስቲክ፣ ካረጀ በኋላ አየርን ደጅ አስቀርቶ ያገለግላል ማለት ነው። ነፋሱ ቀርቶ እንደሆነ ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አጫጭር ክሮች በየጠርዙ ለጥፎ መንዳት ነው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተኛ አየሩ በሰላም እያለፈ ነው፤ ከተንቀጠቀጠና ከተሽከረከረ እዚያ ቦታ ላይ አዙሪት አለ። ታላላቅ የመኪናና የአውሮፕላን መሐንዲሶችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው።

እንዲህም ሆኖ ግማሽ በር ተአምር አትሠራም። ጉልበትንና ወገብን ከነፋስ ታድናለች፤ በጎን የሚገባውን አዙሪት ትገታለች፤ ጉርምርምታውን ትቀንሳለች። ከጆሮ አጠገብ ያለውን ፉጨት ግን ሙሉ በሙሉ አታጠፋውም። ለግጭት መከታ ትሆናለች ብሎ የሚተማመንባትም ሰው ተሳስቷል። በአደጋ ጊዜ ዘሎ መውጣትን እንዳትከለክልም መቆለፊያዋ በአንድ እጅ የሚከፈት መሆን አለበት።

ገዝተው የሚገጣጥሟት መኪና

ይህ የእጅ ሥራ የድህነት ብልሃት ብቻ ነው የሚል እንዳይኖር ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ ሎተስ ሰቨን የምትባል ትንሽ ክፍት መኪና አወጣ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ተገጥማ በምትሸጥ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ግብር ይጣል ነበር፤ ተበታትና በምትሸጥ ላይ ግን አይጣልም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው መኪናዋን በየክፍሏ ገዝቶ በቤቱ ጓሮ ይገጣጥማት ጀመር። ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲለወጥ ይህ ጥቅም ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሥሪቱ ኬተርሃም ወደ ተባለው ድርጅት ተላለፈ። መኪና በእጁ መገጣጠም የለመደው ሰው ግን ልማዱን አልተወም።

ያች መኪና እንደ ጥንቱ ጂፕ በር የላትም። የሚሰጣት ከሸራና ብርሃን ከሚያሳልፍ ላስቲክ የተሠራ የጎን መጋረጃ ነው። መጋረጃው ሲገጠም ወላፈኑ ያፍናል፣ መውጣትና መግባትም ፈተና ነው፤ ሲነሣ ደግሞ ነፋሱ ያደነቁራል። ታዲያ ባለቤቶቹ ምን አደረጉ? ግማሽ በር ሠሩ! በካርቶን ለኩ፣ በአሉሚኒየም ቆረጡ፣ ጠርዙን ጠቀለሉ፣ ክር ለጥፈው ሞከሩ። ለንደን አጠገብ ያለው የባንክ ጸሐፊ እሑድ እሑድ በጓሮው የሚሠራውና የእኛው ላሜራ ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለእንጀራው የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ለደስታው፣ ሌላኛው ለኑሮው ይሠራል። አንደኛው የሠራውን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ልኩን ጽፎ፣ በማኅበር መጽሔት ያሳትማል፤ ሌላኛው ካርቶኑን ይጥለዋል።

ውይይትና ባጃጅ

ካርቶኑ ተጣለ እንጂ ሥራው አልቆመም። በደርግ ዘመን ውይይት የተባሉትን ታክሲዎች የሚያስታውስ አንባቢ ብዙ ነው። ባለ ክፍት ጭነት ፒክ አፖች ነበሩ። የአገር ውስጥ ባለ ሙያዎች ከኋላቸው ጣሪያና ግድግዳ አበጁላቸው፤ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ዘረጉላቸው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚቀመጥ የዘመኑን የውይይት ክበብ መስሎ ታየና ስሙ በዚያው ወጣ። ጎኑ ተዘግቶ ኋላው ክፍት ስለነበረ ነፋሱና አቧራው በዚያ በኩል ተጠቅልሎ ይገባ ነበር፤ ከላይ እንዳልነው፣ አየር ከኋላ ወደ ፊት ይሳባልና። ወያላው ደግሞ ደጁ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱ ግማሽ በር ሆኖ ይሄድ ነበር ቢባል ቀልድ ብቻ አይደለም።

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ባጃጅ መጣ። ባጃጅ የመጣው ከሕንድ ነው፤ ክፍት የሆነው ጎኑ ነፋስ ያስገባል። በድሬዳዋና በአፋር ይህ በረከት ነው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ዳርቻዎች ግን ማለዳ ላይ ቅጣት ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። ሕንዶች በግራ የሚነዱ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከሰኔ 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ እንነዳለን። እዚያ ተሳፋሪ የሚወጣበት ጎን እዚህ መኪና የሚያልፍበት ጎን ነው። ስለዚህ ባጃጁን ለአገሩ ማስማማት ማለት ሁለት ነገር ነው፤ የትኛው ጎን ይዘጋ፣ የትኛው በምን ያህል ይከፈት ብሎ መወሰን ነው። ሸራው፣ ላስቲኩና ላሜራው ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ከፋብሪካው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ የሰፈር ብየዳ ቤት ውስጥ ነው።

ስድቡ ቀርቷል፤ ምስጋናውስ?

ወደ ተነሣንበት ወደ 1900 ዓ.ም. አዋጅ እንመለስ። ንጉሡ ስድብን ከለከሉ። በአዋጅ መከልከል የሚቻለው ስድብ ነውና። ምስጋናን ግን በአዋጅ ማዘዝ አይቻልም። ዛሬ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሸው ሰው እየቀነሰ ሄዷል። ይሁን እንጂ አለመስደብ ማወቅ አይደለም። መኪና ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት የተሳፋሪዎቹን ስም በቃላችን እንይዛለን። የላሜራ ሠራተኛው ግን በስንት ማዕዘን እንደሚያጥፍ፣ የትኛውን ጎማ ለየትኛው ጠርዝ እንደሚመርጥ፣ ለጋራና ለቆላ መንገድ በሩን እንዴት እንደሚለያየው በወረቀት አላሰፈርንም። ዕውቀቱ የሚኖረው በእጁ ነው፤ እጁ ሲደክም አብሮት ያርፋል። ደቀ መዝሙሩ ከጌታው ዓይኑን አሹሎ ካልቀዳው በቀር ሁሉን ከዜሮ ይጀምራል።

ይህ ደግሞ የቁጭት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኪሳራም ጉዳይ ነው። በአንድ ሰፈር የተገኘ ብልሃት በሌላው ሰፈር አይታወቅም። ጠርዙ ያልተጠቀለለ በር እየተሠራ ይጮኻል፤ ቀዳዳ ያልተበሳለት በር በሁለት ክረምት ይዝጋል፤ ማጠፊያው ከኋላ የተደረገ በር በነፋስ ተበርግዶ ሰው ይጎዳል። እያንዳንዱ ስሕተት ቀድሞ የታረመ ነበር፤ እርማቱ ግን አልተጻፈም።

የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን የሞተር መጽሐፍ ከውጭ ያስመጣሉ። መልካም ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ተማሪዎቻቸውን ከወረቀትና ከሜትር ጋር ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራና ወደ ምናለሽ ተራ ቢልኳቸው፣ የአንጋፋ ባለ ሙያዎችን የካርቶን ልክ ቢያስቀዷቸው፣ ስማቸውንም ከሥራቸው ሥር ቢያስጽፏቸው ወጪው የወረቀትና የታክሲ ብቻ ነው። ሙዚየሞቻችንም የተሳፋሪውን ወንበር ካሳዩን በኋላ የሠሪውን መዶሻ አጠገቡ ቢያኖሩት ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወደ ጋራው የሚወጣው ሰውና መኪና በዝቷል። አብዛኛው መስታወቱን ዘግቶ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ይወጣል፤ ነፋሱን አያውቀውም። የከተማችንን መሥራቾች ከጋራው ያወረደው ነፋስ ግን ዛሬም እዚያው ነው። የተለወጠው እሱ ሳይሆን በእኛና በእሱ መካከል የቆመው በር ነው። በሩን የሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ፣ ስሙንም መጻፍ የእኛ የአንባቢዎችና የጸሐፊዎች ፋንታ ነው። እስቲ እናስብበት።